የቱ ጫጫታ?

ዛሬ ለኦቲስቲክ ሰዎች (ኦቲዝም ላለባቸው) የሚሆን የመጠይቅ ረቂቅ ስንፈትሽ ዋልን። አንድ ኦቲስቲክ ወጣት «ጫጫታ ይረብሽሃል?» የሚለው ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «የቱ ጫጫታ? እኔ የከፈትኩት ሙዚቃ ነው ወይስ ድንገት የሚጮህ ደወል? ደክሞኝ እያለ ነው ወይስ እንቅልፍ ጠግቤ?» አለ። እውነቱን ነው! ጥያቄው ጊዜም ቦታም የለውም። «ባለፈው ሳምንት ድምፅ በዝቶብህ ጥለህ የወጣህበት ቦታ ነበር?» ብለን ቀየርነው። ወዲያው መለሰ።

የስሜት ጥያቄ ደግሞ ይብሳል። የራስን ስሜት ለይቶ መግለጽ ሲያስቸግር አሌክሲታይሚያ ይባላል፤ ኦቲስቲክ ሰዎች ላይ ከሌላው በብዛት ይታያል። እና «ተጨንቀሃል?» ብሎ ከመጠየቅ ልቡ በፍጥነት ይመታ እንደሆነ፣ ሆዱን ይቆርጠው እንደሆነ መጠየቅ ይሻላል ባይ ነኝ። (የሰውነታቸው ምልክት ቶሎ የማይሰማቸውም አሉ፤ «አላውቅም» የሚል አማራጭ የግድ ነው።) ነገ ደግሞ ከመናገር መጻፍ ለሚቀላቸው ሰዎች ረቂቁን እንልካለን።