ማማ፣ ጅብ እና ጎብሊን

መብራት ከጠፋ ሁለት ሰዓት ሆኖታል፤ ዝናቡ ግን ገና አሁን ጋብ አለ። ይህንን የምጽፈው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በሻማ ብርሃን ነው። በወዲያኛው አልጋ አባቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ጋደም ብለዋል፤ ከጎናቸው ደግሞ ክረምቱን እኛ ዘንድ ሊያሳልፍ የመጣው የ8 ዓመቱ የእህቴ ልጅ ተኝቷል። ብዕር ያነሣሁት ዛሬ ማታ የሆነውን ሳልረሳው ላሰፍረው ብዬ ነው። ነገሩ የስልክ ጨዋታ ጉዳይ በመሆኑ ሻማ የሚባክንበት መሆን አለመሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም።

ሰፈራችን የከተማው ጠርዝ ላይ ነው። ከብሎኮቹ ወዲያ የገበሬ ማሳ አለ፤ ከማሳው ወዲያ ባሕር ዛፍ የለበሰ ኮረብታ አለ፤ ጅብ ከዚያ ይወርዳል። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ መጥቶ ቆሻሻ መጣያውን ያስሳል፣ ከውሾቹ ጋር ይነታረካል፣ ጎሕ ሳይቀድ ይመለሳል። እኛ ለምደነዋል። መሀል ከተማ ያደገው የእህቴ ልጅ ግን በመጀመሪያው ሌሊት ድምፁን ሲሰማ ብርድ ልብሱን እስከ አናቱ ስቦ «ጋሼ፣ በሩ ተቆልፏል?» እያለ አራት ጊዜ ጠየቀኝ። ጅብ ደረጃ ወጥቶ ሦስተኛ ፎቅ ደርሶ እንደማያውቅ ባስረዳው «እስካሁን ነው» አለኝ። ለዚህ የሚሆን መልስ አላገኘሁም።

በማግስቱ ስልኬ ላይ ኪንግደም ረሽ የተባለውን የስትራቴጂ ጌም ጫንኩለት። ፍርሃቱን አስቤ ነው ብል ውሸት ይሆናል፤ ዝናቡ አላስወጣ ስላለንና ልጁ ስለ ሰለቸው ነበር። ጨዋታውን ያወጣው አይረንሃይድ የተባለ የኡራጓይ ኩባንያ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 2011 ነው። እኔ የማውቀው ተማሪ ሳለሁ በደቂቃ ሒሳብ እየከፈልኩ ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ ስጫወተው ነው፤ ያኔ የሚሠራው ጨዋታዎችን በኢንተርኔት ማሰሻ ውስጥ በሚያጫውተው ፍላሽ በተባለ ፕሮግራም ስለነበር የካፌው ኮምፒውተር በተጨናነቀ ቁጥር ጭራቆቹ ባሉበት ደርቀው ይቀሩ ነበር፤ ሒሳቡ ግን አይደርቅም። ፍላሽ በእ.ኤ.አ. 2020 መጨረሻ ላይ ሲያከትም ከእርሱ ጋር ብዙ ጨዋታዎች ተቀብረዋል፤ ይህኛው ቀድሞ ወደ ስልክ ተሻግሮ ስለነበር ተረፈ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጎብሊን የሚባሉ ጭራቆችና ዘመዶቻቸው በታወቀ መንገድ እየተግተለተሉ ወደ መንደር ይመጣሉ። ከመንገዱ ዳርና ዳር ማማ የሚሠራባቸው የተወሰኑ ቦታዎች አሉ፤ ተጫዋቹ ባለው ወርቅ ምን ዓይነት ማማ የት እንደሚያቆም ይመርጣል። የቀስተኞች ማማ በ70 ወርቅ፣ ጠላትን መንገድ ላይ ገትረው የሚይዙ ሦስት ወታደሮች የሚወጡበት ሰፈርም እንዲሁ በ70፣ የአስማተኛ ማማ በ100፣ መድፍ በ125 ይሠራል። የሚሞት ጭራቅ ወርቅ ይጥላል፤ በወርቁ ማማው ይጠነክራል ወይም ሌላ ይጨመራል። መንደሪቱ 20 ልብ አላት፤ አንድ ጎብሊን ሾልኮ ባለፈ ቁጥር አንድ ልብ ይቀነሳል።

ጭራቆቹ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሚያስቁ ናቸው። ጎብሊኑ አረንጓዴና ድንክ ሆኖ፣ የእናቱን እንጀራ ሰርቆ እንደሚሮጥ ልጅ እየተንደረደረ ይመጣል። ኦገር የሚባለው ደግሞ ሆዱ ቀድሞት የሚሄድ፣ ለመቸኮል ምንም ምክንያት የማይታየው ግዙፍ ፍጡር ነው። የእህቴ ልጅ በመጀመሪያው ቀን ከመከላከል ይልቅ ሲስቅ አምስት ልብ አስበላ። በሁለተኛው ቀን ግን ሳቁን ሳያቆም መለየት ጀመረ፦ ይህ ፈጣን ነው፣ ይህ የብረት ልብስ ስላለው ቀስት አይጎዳውም፤ ለእርሱ አስማተኛ ያስፈልገዋል፣ ይህ በትር የያዘው ደግሞ ሌሎቹን የሚያክም ስለሆነ አስቀድሞ መሞት አለበት። የሚያስቀው ነገርና መታወቅ ያለበት ነገር አንድ ቦታ ላይ መሆናቸውን ያስተዋልኩት እርሱን ሳይ ነው።

በእ.ኤ.አ. 2009 በወጣውና እጽዋት ቤትን ከዞምቢዎች፣ ማለትም ከሚራመዱ ሬሳዎች፣ በሚከላከሉበት በፕላንትስ ቨርሰስ ዞምቢስ ጨዋታ ይህ ነገር ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ባዶ ራሱን የሚመጣው ዞምቢ እጽዋቱ በሚተኩሱት 10 የአተር ፍሬ ይወድቃል፤ ትራፊክ ፖሊሶች አስፋልት ላይ የሚደረድሩትን ብርቱካናማ ሾጣጣ የደፋው 28 ይፈልጋል፤ የብረት ባልዲ የደፋው 65። ባልዲ የደፋ ሬሳ ከማየት የበለጠ የሚያስቅ ነገር ጥቂት ነው፤ ይሁን እንጂ ያ ባልዲ የቀልድ ጌጥ ብቻ ሳይሆን የጠላትን ጉልበት ከሩቅ የሚናገር ምልክት ነው። እንዲህ ያለውን ጨዋታ የሚሠሩ ሰዎች ጭራቁን በጣም አስፈሪ ቢያደርጉት ኖሮ ተጫዋቹ ከድንጋጤው የተነሣ ምን እንደደፋ አያይለትም ነበር ብዬ አስባለሁ።

አባባ እስከ ሦስተኛው ቀን ድረስ ነገሩን ችላ ብለውት ነበር። በሦስተኛው ቀን መነጽራቸውን አድርገው ከልጁ ትከሻ በላይ አጎንብሰው ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ «ይኼ እኮ ማማ ነው» አሉ። አባቴ የተወለዱት ይፋት ነው፤ ልጅነታቸው ያለፈው ማሽላ በመጠበቅ ነው። ማማ ማለት ለእርሳቸው በአራት ጉልህ እንጨት ላይ የተረበረበ፣ ከላይ በሣር የተከደነ፣ ወንጭፍና ጅራፍ ይዘው ንጋት ላይ የሚወጡበት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚወርዱበት እውነተኛ ነገር ነው። ማሽላው እሸት ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ ጠዋትና ወደ ማታ ግሪሳው በመንጋ ይወርዳል፤ ቀትር ላይ ጋብ ሲል ዝንጀሮው ተራውን ይጠብቃል። ዝንጀሮ፣ እንደ አባባ አነጋገር፣ ሕፃን ጠባቂን ይንቃል፤ አንዱ ብቻውን ወጥቶ በአንድ በኩል ጠባቂውን ሲያሯሩጠው ይውልና ሌሎቹ በሌላ በኩል ይገባሉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ምክር ከላይ ይወርድልን ጀመር። ልጁ ማማዎቹን ሁሉ የመንደሩ በር ላይ ደርድሮ ነበር፤ አባባ «ማሽላው ውስጥ ከገባ በኋላ ብትጮህበት ምን ይጠቅማል? ገና ከገደሉ ሲወጣ ነው እንጂ» ብለው መንገዱ የሚታጠፍበትን ቦታ በጣታቸው አሳዩት። ትክክል ነበሩ። መታጠፊያ ላይ የቆመ ማማ ጠላትን ሲመጣም ታጥፎ ሲሄድም ይመታዋል፤ እኔ ይህንን ለማወቅ በካፌው ዘመን ስንት ብር እንደከፈልኩ ባልናገር ይሻላል። ያልተስማሙበት አንድ ነገር ብቻ ነው። ጨዋታው ቀጣዩን ዙር ሰዓቱ ሳይደርስ ቀድሞ ለሚጠራ ተጫዋች ተጨማሪ ወርቅ ይሰጣል፤ የእህቴ ልጅ ደግሞ ወርቅ ይወዳል። አባባ ይህንን ሲያዩ «ሌባን ና ግባ ብሎ ጠርቶ ገንዘብ መቀበል!» ብለው ስልኩን ሊነጥቁት ምንም አልቀራቸውም።

ስለ ጎብሊኖቹ መልክም ቅሬታ ነበራቸው። አንድ ቀን ልጁ በሌለበት «እነዚህን ማን ይፈራል? ልጁን እያዘናጋኸው ነው፤ ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል» አሉኝ። ተረቱን ከልጅነቴ ጀምሮ ባውቀውም በዚህ ቦታ ሲነገር ግን ከበደኝ። ጅብ ሲራመድ በእርግጥም የሚያስቅ ፍጡር ነው፤ የኋላው አጥሮ የፊቱ ረዝሞ፣ እግሩን የታመመ ይመስላል፤ በዚያ አካሄዱ የተታለለ በግ ግን ሲስቅ አይታይም። የአባባ ሙግት፣ ባጭሩ፣ ጠላትን መሳቂያ ማድረግ ጠባቂውን ያደነዝዛል የሚል ነው። በጨዋታው ውስጥ ለዚህ ማስረጃ አይጠፋም፦ ልጁ በመጀመሪያው ቀን ያስበላቸው አምስት ልቦች ሲስቅ ያስበላቸው ነበሩ።

ቢሆንም አልተረታሁም፤ የምመልስላቸውን ያገኘሁትም ከራሳቸው ዘንድ ነው። በልጅነታችን ማታ ማታ የአያ ጅቦን ተረት የሚነግሩን እርሳቸው ነበሩ። በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ የሚለው፣ ለሆዱ ሲል ሁልጊዜ የሚታለለው፣ ጦጣ የምትጫወትበት አያ ጅቦ ከጎብሊን በምን ይሻላል? ያንን ተረት ያወረሱን ሰዎች ደግሞ ጅብን በስም ብቻ የሚያውቁ ከተሜዎች አልነበሩም፤ ከአጥራቸው ውጪ እውነተኛው ጅብ እየጮኸ፣ ከብቶቻቸውን በረት ዘግተው፣ እሳት ዙሪያ የተቀመጡ ገበሬዎች ናቸው። እየሳቁበት በረቱን ግን አልዘነጉም። በተቃራኒው እኛ ቤት የማይሳቅበት «ጭራቅ» ብቻ ነበር፤ «ዝም በል፣ ጭራቁ ይመጣል» ስንባል ከየት እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚመስል፣ ምን እንደሚያባርረው የነገረን ሰው የለም፤ ስለዚህ ከመደበቅ በቀር የምናደርገው ነገር አልነበረንም። ይህንን ስነግራቸው አባባ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉና «ጭራቁ እንኳ እናንተን ለማስተኛት ነው» አሉ።

ባለፈው ሳምንት ክፉኛ ተሸነፍን። መንገዱን በወታደሮች ዘግተን፣ ከኋላቸው መድፍ አቁመን፣ ወርቃችንን ሁሉ እርሱን ለማጠንከር አፍስሰን ነበር፤ ጎብሊኖቹ ወታደሮቹ ላይ ሲከማቹ መድፉ በአንድ ጥይት ይበትናቸዋል፤ ከዚህ የበለጠ ነገር የለም ብለን ተማምነን ነበር። ከዚያ ጋርጎይል የሚባሉት ባለ ክንፎቹ መጡ። በወታደሮቹ አናት ላይ በረው አለፉ፤ መድፉም ወደ ሰማይ አይተኩስም። ልብ በልብ ላይ ሲረግፍ ከመመልከት በቀር ምንም ማድረግ አልቻልንም። የእህቴ ልጅ ያለቅሳል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እርሱ ግን ወደ አያቱ ዞሮ «አባባ፣ ለወፍ ምን ታደርጉ ነበር?» ሲል ጠየቀ። አባባ ወፍ በወንጭፍና በጩኸት፣ ዝንጀሮ ደግሞ በውሻ እንደሚጠበቅ፣ አንዱ ለሌላው እንደማይሆን በዝርዝር አስረዱት። በሚቀጥለው ሙከራ ሁለት የቀስተኛ ማማ ተጨመረ።

ጠላትን ወደ በግ የሚለውጠውን አስማተኛ ካገኘ ወዲህ ደግሞ ልጁ ከሌላ ማማ ጋር መሥራት አቁሟል ማለት ይቻላል። ያ ሆዳም ኦገር ድንገት ነጭ በግ ሆኖ መንገዱን ሲቀጥል ማየት ለእርሱ ከማሸነፍ ይበልጣል። አባባም፣ ጎብሊን ያዘናጋል ያሉት ሰው፣ በጉን ሲያዩ ለፋሲካ ስንት እንደሚያወጣ መገመት ጀምረዋል።

ዛሬ ማታ መብራቱ የጠፋው በጨዋታው መሀል ነበር። የስልኩ ባትሪ 9 ፐርሰንት ብቻ ስለቀረው ተው ብለውም ይህ ዙር ሳያልቅ አልተውም አለ። በጨለማው ውስጥ ፊቱ ብቻ በስክሪኑ ብርሃን ይታይ ነበር። ወደ 4 ሰዓት ገደማ ከቆሻሻ መጣያው በኩል ጅቡ ጮኸ፤ ውሾቹ ተቀበሉት፤ ከታች የጥበቃው ፊሽካ ተሰማ። ብርድ ልብሱን ለማቀበል እጄን ዘረጋሁ። ልጁ ግን ጨዋታውን አቁሞ ጆሮውን ወደ መስኮቱ ቀና አድርጎ ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄኛው ክንፍ አለው?»

«የለውም።»

«ፈጣን ነው?»

መልሱን ለአባባ ተውኩት። «ሲፈልግ ይሮጣል፤ ብርሃንና ሰው ሲያይ ግን ይሸሻል» አሉ ከጋቢያቸው ውስጥ። ልጁ ድምፆቹን ቆጠረ፤ ሁለት ናቸው አለ፤ ቆይቶ ሦስት ናቸው አለ። ወደ ኮረብታው ሲመለሱ በጥበቃው ቤት በኩል ያልፉ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ አዎ አልኩት።

«እዚያ ጋ መታጠፊያ አለ» ብሎ ወደ ጨዋታው ተመለሰ።

ስልኩ 14ኛው ዙር ላይ ጠፋ። 17 ልብ ቀርቶን ነበር።