ቀይዋ ክዳን

ዛሬ ጠዋት አንዲት እናት የሰባት ዓመት ልጇን አዝላ ወደምሠራበት ሆስፒታል መጣች። ግራ ዓይኑ አብጦ ተከድኗል። ጉንፋን ይዞት ነበር። ሦስት ቀን «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ሲታሽለት ቆየ። አልወቀስኳትም፤ እኔም በዳማከሴ ነው ያደግኩት።

የዓይኑን ቆብ ቀስ ብዬ ገለጥኩ። ዓይኑ ወደ ፊት ወጥቷል። «ጣቴን ተከተል ማሙሽ» ስለው ግራው አልዞር አለ፤ በሕመም ጮኸ። ያኔ ደነገጥኩ። እብጠቱ የቆዳ ብቻ ቢሆን ዓይኑ እንደ ልቡ ይዞር ነበር። ይሄ ኢንፌክሽን ግን ከዓይን ጀርባ ገብቷል። ብዙ ጊዜ መነሻው ሳይነስ፣ ማለትም በአፍንጫ ዙሪያ ያለው የአጥንት ክፍተት ነው፤ በሱና በዓይን መሀል ያለው አጥንት እንደ ወረቀት ስስ ነው።

ወዲያው ሴፍትሪያክሶንና ቫንኮማይሲን የሚባሉ አንቲባዮቲኮችን በደም ሥር ጀመርን። ሲቲ ስካኑ መግል አሳየ። ከሰዓት ኦፕራሲዮን ገብቶ ወጣለት።

ልጅዎ ዓይኑ አብጦ ትኩሳት ካለው፣ ዓይኑን ሲያዞር ካመመው ወይም ብዥ ካለበት፣ እባክዎ ለነገ አይበሉ።

ማታ የለስላሳ ቀይ ክዳን ይዤ አልጋው ጋ ሄድኩ። ቀዩ ከደበዘዘበት የዓይን ነርቩ ተጎድቷል ማለት ሊሆን ይችላል። አንዱን ዓይን ሸፈንኩ፣ ከዚያ ሌላውን።

«ሁለቱም ቀይ ነው» አለኝ። እናቱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች።