ከጋሼ የተማርኩት፣ ያልተቀበልኩትም

የብሎኬት ሥራ የጀመርኩት ቱሉ ዲምቱ ነው። የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ፣ በኪራይ መሬት ላይ፣ በ2013 መጨረሻ። አንድ ማሽን፣ አንድ ሮቶ፣ ሁለት ካሪዮላ፣ አምስት ሠራተኛ። ኮዬ ፈጬ በኩል ቤት የሚሠራው ሰው ብዙ ስለነበር «ብሎኬት የሚያመርት አይራብም» ይሉኝ ነበር። እኔም አመንኩ።

ጋሼ ከግቢዬ ማዶ የሕንጻ መሣሪያ መደብር ነበራቸው። ሲሚንቶ የምወስደው ከሳቸው ነው፣ አንዳንዴም በዱቤ። ከዚያ በፊት ረጅም ዘመን በመንግሥት ሥራ ንብረት ክፍል ነበሩ። ስለዚህ ሁሉን ነገር ይጽፋሉ። ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ። ሰላም ብሎ ያለፈውን ሰው ሳይቀር የሚመዘግቡ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ዕዳ ሊጠይቁ መጡ። አሁን ሳስበው ዕዳው ሰበብ ነው። ምንም ሳይናገሩ ከክምሩ አንድ ባለ 20 ሳንቲሜትር ውፍረት ብሎኬት አነሱ፤ ወገባቸው ድረስ ከፍ አደረጉና ለቀቁት። ብትንትኑ ወጣ።

«ስንት ቀን ውሃ ጠጥቷል?»

«ሦስት።»

«አንተ በሦስት ወርህ ነው እንዴ የተወለድከው?»

ሠራተኞቹ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። እኔ ግን አፈርኩ፤ ምክንያቱም ሳላውቅ አልነበረም። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ስለደረቀ አይደለም፤ ከውሃ ጋር ስለሚዋሃድ ነው። ብሎኬቱ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ ካልጠጣ ጠንካራ መስሎ የሚፈረፈር ይሆናል፤ ጥንካሬው የሚለካውም በ28 ቀኑ ነው። ይህን አውቃለሁ። ግን የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ነው፣ የቦቴ ውሃ ደግሞ ብር ነው፣ ገዢው መኪናውን አስነስቶ በር ላይ ቆሟል። በዚያ ላይ ሲሚንቶ የጠፋበት ጊዜ ነበር። አንድ አካፋ አሸዋ ብጨምር ማን ያያል እያልኩ፣ አንድ ከረጢት ከሚችለው በላይ ብሎኬት አወጣበት ነበር።

ጋሼ ሌላ አነሱ። ለቀቁት። ቀጥሎ ለኔ ሰጡኝ፤ «አንተ ጣለው» አሉኝ። ሠራተኞቼ ፊት የገዛ ንብረቴን ሰበርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ እስከ አስራ አንድ። ስድስተኛው ላይ ኪሴ እየተቀደደ መሆኑ ተሰማኝ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ግን አንድ የሚገርም ነገር አየሁ። የተሰነጠቀ ብሎኬት ሠራተኞቹ ራሳቸው እያወጡ ወደ ዳር ያስቀምጣሉ። ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ ጮኼባቸው ነበር፤ ከጎን ወደ ጎን ያሸጋግሩት ነበር እንጂ አይለዩትም። ጩኸቴን ሰምተው አላመኑም፤ ኪሳራዬን አይተው አመኑ።

ሁለተኛው ነገር መሳቢያዬ ነው። የሽያጭ ብር እዚያ ይገባል፣ እኔም ከዚያው አወጣለሁ። ለቤት አስቤዛ፣ ለእድር፣ ለእቁብ፣ ለልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ለጓደኛ ቁርጥ። «ያንተም የድርጅቱም አንድ ኪስ ነው?» አሉኝ። የኔ ነው፣ የኔ ሥራ ነው አልኳቸው። አልተከራከሩም። ደብተር ሰጡኝና ለ30 ቀን ከመሳቢያ ያወጣሁትን እያንዳንዱን ሳንቲም እንድጽፍ አደረጉኝ። በሰላሳኛው ቀን ደመርኩ። ሁለት ጊዜ ደመርኩ። እኔ የወሰድኩት ለማሽነሯ ልጅ ከምከፍላት ደሞዝ ከአራት እጥፍ በላይ ነበር። ማሽኑን ጧት የምታስነሳው፣ ማታ የምታጥበው እሷ ናት። እኔ የት ነበርኩ? ቁርጥ ቤት።

ከዚያ ወር ወዲህ ለራሴ ደሞዝ ቆረጥኩ። ሲያልቅ አለቀ። ለፋሲካ በግ መግዣ ሲጎድለኝ ከመሳቢያዬ ሳይሆን ከወንድሜ ተበደርኩ። ባለቤቴ ለአንድ ዓመት ያህል «ሱቅ ያለው ድሃ» እያለች ስታሾፍብኝ ነበር።

አሁን ወደ ቅዳሜው ልምጣ። የምንከፍለው በሳምንት ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት። አንድ ክረምት ዋልካው ጭቃ ሲኖትራኩን ስለያዘው ጭነት አልወጣም፣ ብርም አልገባም። ለደሞዝ የሚሆን የለኝም። ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ስልኬን ዘግቼ ቤት ተቀመጥኩ። ጋሼ ሰፈሬ ድረስ በእግራቸው መጡ። ጫማቸው ላይ የተለጠፈው ጭቃ አሁንም ይታየኛል። ደጃፉ ላይ ቆመው፣ ይግቡ ቢባሉም እምቢ ብለው፣

«ብር ከሌለህ ፊትህን ይዘህላቸው ሂድ» አሉኝ።

ሄድኩ። አምስቱም በሩ ላይ ተቀምጠዋል። የለኝም፣ ረቡዕ እከፍላለሁ አልኩ። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንዱ ተሳድቦ ሄደ፣ ሁለቱ ሰኞ አልመጡም። ሁለቱ ቆዩ። ረቡዕ ሊመሽ ሲል ከፈልኩ፤ ለሄዱትም ጭምር።

ለረጅም ጊዜ በጋሼ ተቀይሜያለሁ። ያቺን ብር መስጠት ይችሉ ነበር። መሳቢያቸው ውስጥ ነበረ፣ አውቃለሁ። ከዓመት በኋላ ጠየቅኳቸው። «ብሰጥህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እኔን ታይ ነበር» አሉ፤ ሻያቸውንም ቀጠሉ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ ሰኞ ዕለት፣ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ተወው ተባለ። እስከዚያ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ከ70 አለፈ። እኔ ደግሞ ቀደም ብዬ የ4,000 ብሎኬት ቀብድ ተቀብዬአለሁ፣ በድሮው ዋጋ። የማሽን መለዋወጫው፣ ናፍጣው፣ ሲሚንቶው ሁሉ እንደሚጨምር ገብቶኛል። ለደንበኛው ደውዬ ዋጋ ተቀይሯል ልለው ስል ጋሼን አማከርኩ። «ቀብዱን ስትበላ ዋጋው ስንት ነበር?» አሉኝ። በቃ። በድሮው ዋጋ አስረከብኩ፣ ከሰርኩም። ይህን የሚያነብ ሰው ደንበኛው ሌላ አሥር ሰው ይዞ መጣ ብዬ የምጨርስ ሊመስለው ይችላል። አልመጣም። ስልኬንም አንስቶ አያውቅም። ለጋሼ ስነግራቸው «ታዲያስ?» ነው ያሉኝ። ያተረፍኩት ነገር ቢኖር ከዚያ በኋላ የዋጋ ማቅረቢያዬ ላይ «ለ7 ቀን ብቻ የሚያገለግል» ብዬ መጻፌ ነው።

ያልተቀበልኩትም አለ። ጋሼ ሠራተኛን የሚመሩት በፍርሃት ነው። ሰው ፊት ይሰድባሉ። «ካልፈራህ አይሠራልህም» ይላሉ። ሞከርኩት። አንድ ጎበዝ ልጅ ነበረኝ፣ ቅልቅል የሚያውቅ፣ ልኩን በዓይኑ የሚለይ። ደንበኛ ፊት አዋረድኩት። መልስ አልሰጠኝም። አካፋውን ግድግዳው ላይ በጥንቃቄ አስደግፎ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። ይህ የጋሼ ጥፋት አይደለም፣ አፉ የኔ ነው። ግን ምክሩ የሳቸው ነበር።

የጡረታም ነገር አልተስማማንም። እኔ 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ እያዋጣን ማስመዝገብ ስጀምር «ገንዘብህን በትን» አሉኝ። ቴሌብርንም እስከ ዛሬ አይነኩም፤ የማይታጠፍ ብር ብር አይደለም ባይ ናቸው።

ትልቁን ነገር ያስተማሩኝ ግን ሳያስቡት ነው። አምና ታመው ሦስት ሳምንት ተኙ። መደብሩ ሦስት ሳምንት ተዘጋ። ስምንትና ዘጠኝ ዓመት አብረዋቸው የሠሩ ሁለት ልጆች አሏቸው፤ ከሁለቱ አንዱም የዕቃ መግዣ ዋጋ አያውቅም፣ ቁልፍም የለውም። ያ ሁሉ መዝገብ ተቆልፎበት ነበር። ሆስፒታል ልጠይቃቸው ሄጄ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ኪሴን ዳበስኩ። የግቢው ቁልፍ ሁለቱም እኔ ጋ ነው። የመሳቢያውም። በማግስቱ አንዱን ለማሽነሯ ልጅ ሰጠኋት። ዋጋ መቁረጥም፣ ብር መቀበልም ጀመረች። የመጀመሪያውን ወር እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ሁለት ጊዜም ተሳስታ በርካሽ ሸጣለች።

ጋሼ ድነው ተመለሱ። ባለፈው ቅዳሜ በከዘራ እየተደገፉ መጡ። እኔ ጥግ ላይ ደሞዝ እየቆጠርኩ ነው። ከክምሩ አንድ ብሎኬት በከዘራቸው መታ መታ አደረጉና፣

«ስንት ቀን ጠጥቷል?» አሉ፤ ወደ እኔ ዞረው።

«አስራ አንድ፣ ጋሼ» አለች ማሽነሯ፣ ቱቦውን እንደያዘች። «ሊገዙ ነው?»