ለስዊቺንግ ሬጉሌተር ካፓሲተር ስትመርጡ ማይክሮፋራዱን ብቻ አትዩ

ብዙ ሰው ሰርኪዩቱ ላይ 22 ማይክሮፋራድ የሚል ካየ 22 የተጻፈበትን ያገኘውን ካፓሲተር አንስቶ ይበይዳል፣ ግን ስዊቺንግ ሬጉሌተር (ቶሎ ቶሎ እያበራ እያጠፋ ቮልቴጅ የሚያስተካክል ሰርኪዩት) ላይ ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም። ሴራሚክን እንውሰድ። ዲሲ ቮልቴጅ ሲያርፍበት አቅሙ፣ ማለትም ማይክሮፋራዱ፣ ይወርዳል፣ በተለይ ትንንሾቹ፣ 6.3 ቮልት የሚለውን 5 ቮልት ላይ ብታስቀምጡት ከተጻፈው ከግማሽ በላይ ሊያጣ ይችላል፤ ኤክስ7አር (የሴራሚክ ዓይነት ኮድ ነው) ስለሆነ አያሳስበኝም የሚል አለ፣ ኮዱ እኮ አቅሙ ከ15 ፐርሰንት በላይ አይለዋወጥም የሚለው ስለ ሙቀት ነው፣ ስለ ቮልቴጅ አይደለም! የዳታሺቱን የቮልቴጅ ግራፍ እዩ፣ ከሌለው ሌላ አምራች ፈልጉ ባይ ነኝ።

ኤሌክትሮላይቲክ ላይ ደግሞ ዋናው ጣጣ ኢኤስአር ነው፣ የውስጥ ሬዚስታንሱ ማለት ነው። 100 ሚሊኦም ካለውና 1 አምፒር ሪፕል (ከፍ ዝቅ የሚል ከረንት) ከሄደበት አውትፑቱ ላይ 100 ሚሊቮልት ሪፕል አገኛችሁ ማለት ነው፣ ኢኤስአሩ ካልወረደ ማይክሮፋራድ መጨመሩ ብዙም አይረዳም። በዛ ላይ ይሞቃል፣ ሙቀት ደግሞ እድሜውን ይበላዋል፣ 10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር እድሜው በግምት እጥፍ ይሆናል።

ግን ኢኤስአር ዜሮ ይሁን ማለትም አይደለም፣ እንደ ኤልኤም2596 ያሉት የቆዩ የሬጉሌተር ቺፖች ለመረጋጋት ትንሽ ኢኤስአር ይፈልጋሉ፣ አውትፑታቸው ላይ ሴራሚክ ብቻ ካደረጋችሁ ቮልቴጁ ሊዋዥቅ ይችላል።

ኢንፑቱን የሚረሳ ሰው በጣም ያናድደኛል። በክ ኮንቨርተር (ቮልቴጅ የሚቀንስ ስዊቺንግ ሬጉሌተር) ላይ ከባዱን ሪፕል ከረንት የሚሸከመው የኢንፑቱ ካፓሲተር ነው፣ ዲዩቲ ሳይክሉ (ስዊቹ በርቶ የሚቆይበት የጊዜ ድርሻ) 50 ፐርሰንት ሲሆን የአውትፑት ከረንቱን ግማሽ ያህል። እዛ ሴራሚክ አድርጉና ከቺፑ ፒን ጋር በደንብ አጠጉት።