ባክቴሪያዎቹን መጨረሻ ላይ ንኩ

ኮምቦልቻ ያለ አንድ ፋብሪካ የፍሳሽ ማጣሪያውን በኮምፒውተር ሞዴል እንድሠራለት ጠየቀኝ። ማጣሪያው የተለመደው ዓይነት ነው። ገንዳው ውስጥ አየር ይነፋል፣ ባክቴሪያዎቹ ቆሻሻውን ይበላሉ፣ ከዚያ ዝቃጩ ማዝቀጫ ገንዳ ውስጥ ይረጋል። የተጠቀምኩት እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣውን ኤ.ኤስ.ኤም.1 የሚባለውን የፍሳሽ ማጣሪያ ሞዴል ነው። አርጅቷል፤ ለካርቦንና ለናይትሮጅን ግን ይበቃል።

በመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች ሳስኬደው ሞዴሉ አሞኒያው አለቀ አለኝ። ላብራቶሪው ግን ገና ብዙ አሞኒያ እየወጣ ነው ይላል። እዚህ ላይ እጅ ያሳክካል። አሞኒያ የሚበሉት ባክቴሪያዎች የዕድገት ፍጥነት በ20 ዲግሪ በቀን 0.8 ነው። ትንሽ ዝቅ ካደረጋችሁት መስመሩ ነጥቦቹ ላይ ቁጭ ይላል። ስንት ሪፖርት እንዲህ አምሮ እንደወጣ ቤቱ ይቁጠረው። እኔ አልነካሁትም።

ወደ ዝቃጩ ሄድኩ። ገንዳው ውስጥ ያለውን ዝቃጭ በየቀኑ ከማጣሪያው ለሚወጣው ብታካፍሉት የዝቃጩን ዕድሜ ታገኛላችሁ። እነዚህ ባክቴሪያዎች ዘገምተኞች ናቸው፤ ዕድሜው ካጠረ ሳይባዙ ታጥበው ይሄዳሉ። መዝገቡ ላይ ዝቃጩን የሚያስወጣው ፓምፕ የሚሠራበት ሰዓት በየቀኑ አንድ ነው። የፈረቃ ኃላፊውን ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ፓምፑ ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ብቻ ነው የሚሠራው?»

ሳቁ። «አብሽሪ ልጄ፣ ያ ለወረቀት ነው። ማዝቀጫው ሲሞላ ደግመን እንከፍታለን።»

ሰው ይረሳልና በቃል ብቻ አልተውኩትም። ፎስፈረስ ተንኖ አየር ውስጥ አይጠፋም። የገባው በሙሉ ወይ በተጣራው ውሃ ወይ በዝቃጩ መውጣት አለበት። በመዝገቡ ሰዓት ስሰላው ጎደለ፤ እሳቸው ባሉት ሰዓት ግን ገጠመ። ካሊብሬሽን፣ ማለትም ሞዴሉን ከልኬቱ ጋር ማስማማት፣ ለምትጀምሩ አንድ ነገር ብቻ ምረጪ ብትሉኝ ይህችን ሂሳብ እመርጣለሁ። ወጪዋ ጥቂት ናሙና ነው።

ከዚያ አየሩ። ሶፍትዌሩ ያለነው ባሕር ዳርቻ ይመስለዋል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች። በ20 ዲግሪ ውሃ ባሕር ጠለል ላይ በሊትር 9.1 ሚሊግራም ኦክስጅን ቢይዝ፣ እዚህ 7.3 ገደማ ነው። ከፍ ያለችው ደሴ ላይ ደግሞ ኦክስጅኑ ከዚህም ይወርዳል። መብራት ሲጠፋ ነፊዎቹ የሚቆሙበትንም ሰዓት ከጄኔሬተር መዝገብ አውጥቼ አስገባሁ።

የሚገባው ፍሳሽም የራሱ ጣጣ አለው። የማቅለሚያ ፍሳሽ ውስጥ ባክቴሪያ የማይበላው የሟሟ ነገር አለ፤ እንደገባ ይወጣል። የተጣራውን ውሃ በወረቀት አጥልሎ ሲ.ኦ.ዲ. (ቆሻሻውን በኬሚካል ለማቃጠል የሚያስፈልገውን ኦክስጅን) መለካት መጠኑን በግምት ይነግራችኋል።

ይህ ሁሉ ሲገባ አሞኒያው ተስተካከለ፤ 0.8ም ባለበት ቀረ። የበጋውን መረጃ ለካሊብሬሽን፣ የክረምቱን ለመፈተኛ ለይቼ ነበር። ክረምቱ ላይ አማካዩን ያዘ፣ ጫፍ ጫፉን ሳተ። ናሙና የሚወሰደው ጠዋት ብቻ ስለሆነ ከዚያ በላይ ማጥበቁ ቁጥር ማሳመር ነው ብዬ ተውኩት። ለፋብሪካውም የጻፍኩት የሌሊት ፈረቃ ናሙና ይጀመር ብዬ ነው።