የወረዳ ሒሳብ ከመዝገብ ወደ ኮምፒውተር ሲዞር

«ሶፍትዌሩን ማን ጫነላችሁ?» ይሉኛል ብዙዎች። መጫኑ ቀላሉ ነገር ነው። የወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ሒሳቡን ከወፍራም መዝገብ አውጥቶ አይቤክስ በሚባለው የመንግሥት በጀትና ወጪ ሶፍትዌር ላይ ሲያስገባ ከባዱ ሥራ የሚያልቀው ኮምፒውተሩ ሳይከፈት ነው። አሁን ለምትጀምሩ ባልደረቦች ይጠቅም እንደሆነ እኛ እንዴት እንደሠራነው ልንገራችሁ።

ወረዳ ትንሽ ነው ተብሎ ሒሳቡ አይናቅም። የመምህሩ ደመወዝ፣ የጤና ጣቢያው መድኃኒት፣ የግብርና ባለሙያው የሞተር ሳይክል ነዳጅ፣ ሁሉም በአንድ ፑል፣ ማለትም የየመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ በጋራ በሚያዝበት ክፍል፣ በእኛው እጅ ያልፋል። በጀቱን የወረዳው ምክር ቤት ያጸድቃል፤ ዓመቱ ሐምሌ 1 ገብቶ ሰኔ 30 ይዘጋል። ወጪው ሁሉ ኮድ አለው፦ 6111 የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ፣ 6217 ነዳጅና ቅባት፣ 6231 ውሎ አበል።

የጀመርነው የመነሻ ሒሳቡን፣ ማለትም ከመዝገቡ ወደ ኮምፒውተሩ የሚሻገረውን ቀሪ፣ ከማጥራት ነው። ባንኩ ብዙ አላስቸገረንም፤ መግለጫው ስላለ እያመሳከሩ ማስታረቅ ይቻላል። ያደከመን ተሰብሳቢው ነው። ለመስክ ወይም ለሥልጠና ብሎ ቅድሚያ ገንዘብ የወሰደ ሰው ማስረጃ አምጥቶ እስኪያወራርድ ድረስ ሒሳቡ በስሙ ተንጠልጥሎ ይቆያል። አንዱ ወደ ዞን ተዛውሯል፣ አንዱ ሥራ ለቋል፣ ሌላው ደግሞ በወቅቱ አወራርዶ ሰነዱ የሌላ ወር ፋይል ውስጥ ታስሮ ተገኘ። ገንዘብ ያዣችን «ድምሩን እንዳለ አስገባውና በኋላ እናጣራዋለን» አለችኝ። «እትዬ፣ ዛሬ ባለቤቱ ያልታወቀ ገንዘብ ከዓመት በኋላ ማን ሊያውቀው ነው?» አልኳት። ከዚያ ቁጭ ብለን ሰው በሰው ለየነው። ለዚህ ጊዜ አትሳሱ። የተምታታ ሒሳብ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ያው የተምታታ ሒሳብ ነው፣ ያውም በደንብ ታትሞ ስለሚወጣ ሰው ሁሉ ያምነዋል።

ስም ሌላው ጣጣ ነው። ኃይሉ የሚባል ሠራተኛ በደመወዝ ዝርዝሩ ላይ በብዙኃኑ ኀ፣ በውሎ አበሉ ላይ በሃሌታው ሀ ተጽፏል። ለኮምፒውተሩ እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው። የድሮው ዝርዝር ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል አሠራር) ባልሆነ ፎንት የተጻፈ ከሆነማ ሲገለበጥ ጭራሽ አይነበብም። እኛ ለሠራተኛው ሁሉ አንድ አንድ መለያ ቁጥር ሰጥተን ክፍያውንም ተሰብሳቢውንም በቁጥሩ አሰርነው፤ ለነጋዴ ደግሞ ቲን ቁጥር አለ።

መዝገቡን ወዲያው አልተውንም። ጎን ለጎን ሠራን፣ ወር ሲያልቅ ሁለቱን አስተያየን። 5,000 ብር ደመወዝ ላይ የሠራተኛው ጡረታ 7 በመቶ፣ ማለትም 350 ብር ነው፤ የመንግሥት 11 በመቶ 550 ብር ደግሞ 6131 ላይ ለብቻው ይመዘገባል። ልዩነት ሲመጣ መጀመሪያ የምናየው እዚህ ጋ ነው፣ ምክንያቱም በወሩ መሀል የተቀጠረ ወይም ደረጃ ያደገ ሰው ካለ ቶሎ የሚታየው በጡረታው ነው። ጳጉሜንንም አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት። ደመወዝ የላትም፣ ክፍያ ግን ይኖራል። እኛ ከነሐሴ ጋር እንዘጋታለን።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን የሰው ነገር ነው። በወረዳ ባለሙያ አይበረክትም፤ ሥልጠና የወሰደው ልጅ ትንሽ የተሻለ ደመወዝ ሲያገኝ ይሄዳል፣ ያኔ የይለፍ ቃሉም ዕውቀቱም አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ለየሥራው ሁለት ሰው አሠልጥኑ፣ ለየራሳቸው የመግቢያ ስም ስጧቸው፣ የመዘገበው ሰው ራሱ እንዳያጸድቅ ለዩ። መጠባበቂያ ቅጂውን እዚያው ኮምፒውተር አጠገብ አታስቀምጡ። የኛ ሃርድ ዲስክ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ካዝና ውስጥ ይቆለፋል። መብራት ቶሎ ቶሎ በሚጠፋበት አካባቢ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ) ከፕሪንተር በፊት ይገዛ፣ ግዴታ ነው።

አሁን የገቢውን ሒሳብ ወደ ኮምፒውተር በማስገባት ላይ ነን። ቀበሌ ላይ ሞዴል 64 የሚባለው የገቢ ደረሰኝ ዛሬም በእጅ ይቆረጣል፣ ስለዚህ የተቆረጡትን ቅጂዎች ስንመዘግብ በተከታታይ ቁጥራቸው ነው። መሀል ላይ አንድ ቁጥር ከጎደለ ሰብሳቢው በዚያው ቀን ይጠየቃል፤ የተሰረዘ ደረሰኝ ከሆነ ቅጂው ሁሉ ተሟልቶ መምጣት አለበት።