ማዳበሪያው ቀዩ ማሳ ላይ የት ይገባ ነበር?

ኮምቦልቻ ሁለት ቦታ በቆሎ እዘራለሁ፤ አንዱ ቦርከና ሜዳ ላይ ያለ ዋልካ፣ ሌላው ተዳፋት ላይ ያለ ቀይ አፈር። ዘሩም ማዳበሪያውም ድካሙም አንድ ነው። የቀዩ ማሳ በቆሎ ግን ከጉልበት ሳያልፍ ይቀጭጫል፤ የታች ቅጠሎቹ ከጫፋቸው ጀምረው ወይን ጠጅ ይሆናሉ። ጎረቤቴ አዛውንት «ልጄ፣ መሬቱ ደክሟል፤ አሳርፈው» ይሉኛል። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ደግሞ ቅጠሉን አይቶ ፎስፈረስ የሚባለው ንጥረ ነገር እጥረት ነው አለኝ። እሺ፣ ታዲያ 38 ከመቶ ፎስፌት (የፎስፈረስ ውህድ) ያለበትን ኤንፒኤስ የተባለ ማዳበሪያ በየዓመቱ እየጨመርኩ ፎስፈረሱ የት ይገባል?

አፈሩን አስመረመርኩ። ገለባውን ከላይ ጠርጌ፣ ማሳውን እየተጠማዘዝኩ ከተለያየ ቦታ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቆፍሬ ወሰድኩ፤ ፍግ የተከመረበትንና አመድ የተደፋበትን ቦታ ዘለልኩ። በፕላስቲክ ባልዲ ቀላቅዬ፣ ጥላ ላይ አድርቄ፣ አንድ ኪሎ ያህሉን ደሴ ላቦራቶሪ አስገባሁ። የሜዳውንም ለብቻው አሲዤ ነበር። የአፈሩን አሲዳማነት የሚያሳየው ቁጥር፣ ፒኤች የሚሉት፣ የሜዳው 6.8፣ የቀዩ 5.1 ሆኖ መጣ።

የቁጥሩ ልዩነት ትንሽ ይምሰል እንጂ ፒኤች በአንድ በወረደ ቁጥር አሲዱ አሥር እጥፍ ይጨምራል። ከ5.5 በታች ሲሆን ደግሞ በአፈሩ ውስጥ ታስሮ የኖረው አልሙኒየም ይሟሟል። መርዙ እሱ ነው። የሥሩን ጫፍ ይመታና እድገቱን ያቆመዋል፤ አልሙኒየምና ብረት ፎስፈረሱንም ይዘው አይለቁትም። ካልሲየምና ማግኒዚየም በዝናብ ታጥበው ስለሚሄዱ በቆሎው በዚያም በኩል ይራባል። ባለሙያው የፎስፈረስ እጥረት ማለቱ ትክክል ነው፤ ፎስፈረሱ አፈሩ ውስጥ እያለ ነው ተክሉ ያጣው።

የግብርና ኖራ ገዛሁ፤ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ እንጂ ቤት የሚቀባው የተቃጠለ ኖራ አይደለም። መጠኑን የነገረኝ ላቦራቶሪው ነው። ፒኤች ብቻውን አይበቃም፤ ተመሳሳይ ፒኤች ያላቸው ሁለት ማሳዎች የሚፈልጉት ኖራ በውስጣቸው እንዳለው የሸክላ አፈር ብዛት ይለያያል። በበልግ እርጥበት፣ ከዘር ብዙ ሳምንት አስቀድሜ፣ ንፋስ በሌለበት ጠዋት በትኜ በእርሻ ከአፈሩ ጋር አዋሃድኩት። ከላይ ተበትኖ ከቀረ ሥሩ ዘንድ አይደርስም። ለማመሳከሪያ አንድ ጥግ ያለ ኖራ ተውኩ።

በቆሎው ጉልበት ሲደርስ ከሁለቱም ወገን እየነቀልኩ ሥሩን በውኃ አጠብኩ። ኖራ ያልነካው ሥር አጭርና ወፍራም፣ ጫፉ ቡናማ፣ እንደ ተቆረጠ ጣት የደነዘ ነው፤ ቀጫጭን የጎን ሥር የለውም ማለት ይቻላል። የሌላው ነጭና ረጅም ሆኖ ወደ ታች ወርዷል፣ ዙሪያውን ቀጫጭን የጎን ሥር ሞልቶታል። ከዚያ ወዲህ በቆሎዬን ከቅጠሉ ይልቅ በሥሩ ነው የምመረምረው። ድርቅ ሲመጣም ቀድሞ የሚጠወልገው ሥሩ ያጠረው ነው።

በየሰዉ ጓሮ ያለ በቆሎ ለምን እንደሚለመልም የገባኝም ያኔ ነው። እናቶቻችን ከምድጃ የሚደፉት አመድ አሲዱን ይቀንሳል፤ ፍጉ ደግሞ አልሙኒየሙን ይይዛል። ከራቀው ማሳ ግን አገዳውን ሳይቀር ለከብት እናነሳለን፤ የተወሰደው ንጥረ ነገር አይመለስም። ናይትሮጅን የሚሰጠው ዩሪያ ማዳበሪያም በየዓመቱ አፈሩን ወደ አሲድ ይገፋዋል። ይህን ስል ዩሪያ ይቅር ማለቴ አይደለም፤ ያለ ናይትሮጅን በቆሎ የለም። ኮምፖስት ይታከልበት ነው የምለው።

ወዳጆቼ «እኔም ኖራ ልግዛ?» ሲሉኝ መጀመሪያ አስመርምሩ እላለሁ። የሜዳው ዋልካዬ ኖራ አይፈልግም፤ ብጨምርበት ዚንኩና ብረቱ ይያዙና አዲስ ቅጠሎቹ ነጣ ባለ መስመር ይዥጎረጎራሉ። ገንዘቡም ከንቱ ነው።

ኖራው ለተወሰኑ ዓመታት ያገለግላል እንጂ ዘላለማዊ አይደለም። ዘንድሮ ከአጨዳ በኋላ የቀዩን ማሳ አፈር መልሼ ላቦራቶሪ አስገባለሁ፤ ያለ ኖራ የቀረውን ጥግም ያኔ ከሌላው ጋር አስተካክለዋለሁ።